ቾክ ካልተሳበ የማይሠራ የውሃ ፓምፕ፦ ካርቡሬተሩን ሳይጎዱ ማጽዳትና መጠገን

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበትና ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፓቸውን ክረምቱን ሙሉ ከነቤንዚኑ አስቀምጠው በጥቅምት ሲያወጡት ቾክ ተስቦ ካልሆነ አልሠራ ብሏቸዋል፤ ቾኩን ሲመልሱት ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ጥቂት ይቆይና ይጠፋል፤ ቤንዚንና አየር ከሚያቀላቅለው ክፍል፣ ከካርቡሬተሩ በኩልም ቤንዚን ያንጠባጥባል። አንድ መካኒክ ጂግለሩን (በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚለካውን ቀጭን ቀዳዳ ያለው ክፍል) በሽቦ ላስፋልዎት ብሏቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ካርቡሬተሩን በአዲስ እንዲቀይሩ መክሯቸዋል። እርሳቸው ማወቅ የፈለጉት በራሳቸው እጅ ሊያጸዱት ይችሉ እንደሆነና ከሁለቱ ምክሮች የትኛው እንደሚሻል ነው።

ክቡር ጠያቂ፣ ሥራው በእርስዎ አቅም የሚሠራ ነው፤ ከተለመዱት ቁልፎችና ካቻቢቴዎች በቀር የተለየ መሣሪያ አይፈልግም። ካርቡሬተሩን በአዲስ መቀየር ጽዳቱ ሳያድነው ከቀረ በኋላ የሚታሰብ ነው። ጂግለሩን ማስፋት ግን ለማንም እንዳይፈቅዱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፈታል፣ የሰፋ ቀዳዳ ግን ወደ ልኩ አይመለስም።

በመጀመሪያ የሞተሩ ምልክት ምን እንደሚነግረን እንመልከት። ቾክ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር የሚያጠብ ክዳን ነው። ክዳኑ ሲዘጋ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለው የመምጠጥ ኃይል ስለሚበረታ፣ ቀዳዳው በከፊል የተደፈነ ቢሆን እንኳ ቤንዚን ተገዶ ይወጣል። ስለዚህ ቾክ ሲሳብ የሚሠራ፣ ሲመለስ ግን የሚጠፋ ሞተር ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ቤንዚንም እየደረሰው ነው፤ የጎደለው የቤንዚኑ መጠን ነው፣ ወይም በማይገባ ቦታ ትርፍ አየር እየገባ ነው። የአካባቢዎ ከፍታም ይህንን ያጠናክረዋል። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከቆላው ይልቅ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ካርቡሬተር እዚያ ሲደርስ በባሕርዩ ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። በዚህ ከፍታ ላይ ሆኖ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጂግለሩ ከመጀመሪያው ጠብቦ የተሠራ ነው ብሎ ማሰብ አያስኬድም፤ በጊዜ ብዛት የተደፈነ ነገር አለ ማለት ነው።

ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱ ደግሞ የተደፈነውን ቀዳዳ ለይቶ ይጠቁመናል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የነዳጁን ክዳን፣ ማለትም ከቾኩ ሌላ በጉሮሮው ውስጥ ያለውንና ወደ ሞተሩ የሚገባውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚያበዛውንና የሚያሳንሰውን ክዳን (ስሮትል)፣ በቀጥታ የሚከፍተውና የሚዘጋው እጅዎ ሳይሆን ገቨርነር የሚባለው ፍጥነት ተቆጣጣሪ ነው። ሞተሩ ቤንዚን ሲያንሰው ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ገቨርነሩ ክዳኑን ይከፍታል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ከልኩ ሲያልፍ መልሶ ይዘጋበታል፤ ይህም ሳያቋርጥ ይደጋገማል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ የገቨርነሩን ሞላ መጎተትና ማጠፍ ይጀምራሉ፤ ገቨርነሩ ግን ሥራውን በትክክል እየሠራ ስለሆነ አይንኩት። ሞተሩ ሸክም ሳይኖርበት ሲሠራ፣ የፍጥነት መያዣው እስከ መጨረሻው ቢገፋም እንኳ፣ ገቨርነሩ ክዳኑን ሊዘጋው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያጠበዋል። ክዳኑ በጠበበ ጊዜ ሞተሩ ቤንዚኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዋናው ጂግለር ሳይሆን ከሚኒሞው ጂግለር፣ ማለትም ክዳኑ በጠበበ ጊዜ ቤንዚን ከሚሰጠው ትንሹ ጂግለር ነው። ዋናውን ጂግለር ብቻ አጽድተው ገጥመው ችግሩ እንዳለ የሚያገኙት ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሸክም ሳይኖረው የሚዋዥቅና ውሃ መግፋት ሲጀምር የሚረጋ ሞተር የሚኒሞው መስመር ተደፍኖበታል፤ ሸክም ሳይኖረው ደኅና ሆኖ ውሃ ሲገፋ የሚታፈን ከሆነ ደግሞ ዋናውን ጂግለር መጠርጠር ይገባል። የእርስዎ በሁለቱም ሁኔታ አልቆም ስላለ ሁለቱም መጽዳት ይኖርባቸዋል።

የደፈነው ነገር ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ቤንዚን ለብዙ ሳምንታት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ቀሪው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ ቡናማ ቀለም ያለው ዝቃጭ ይተዋል። የሚኒሞው ጂግለር ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያንስ በመሆኑ ለመደፈን ብዙ ዝቃጭ አያስፈልገውም። ከማደያ ርቆ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ሲሆን ውሃና አቧራ ይጨመርበታል፤ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ቤንዚን በሚጠራቀምበት በካርቡሬተሩ ኩባያ ሥር ይተኛና ብረቱን እየበላ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይፈጥራል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ለክረምት ማስቀመጫነት ፈጽሞ አይመችም።

ካርቡሬተሩን ከመፍታትዎ በፊት ጥቂት ነገሮችን ይፈትሹ፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። የነዳጅ ታንኩ ክዳን አየር የሚያስገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ይህ በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ ሠርቶ ይጠፋል፣ ክዳኑ ሲላላ ደግሞ ተመልሶ ይነሣል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ከነዳጅ መክፈቻው ሥር ዝቃጭ የሚይዝ ትንሽ ኩባያ አለ፤ ነዳጁን ዘግተው ይፍቱትና ውሃና አሸዋ እንዳለበት ይመልከቱ። ከዚያም ከካርቡሬተሩ ኩባያ በታች ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ከሥሩ ዕቃ አድርገው ያላሉትና ነዳጁን ይክፈቱት፤ ቤንዚኑ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። ቆም ቆም እያለ የሚንጠባጠብ ከሆነ መዘጋቱ ከካርቡሬተሩ በላይ ነው።

ዘይቱንም አሁኑኑ ያሽትቱት። ካርቡሬተሩ ቤንዚን ማቆም አቅቶት ከሰነበተ ትርፉ በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ልኩ ካለፈው ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ቤንዚንም ይሸታል። በዚህ ዘይት ላይ ሞተሩን አንድ ቀን ማሠራት ክረምቱን ሙሉ ከተቀመጠበት የበለጠ ጉዳት ያደርስበታል። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ጥገናው እንዳለቀ፣ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ዘይቱን ይቀይሩ።

አሁን ወደ መፍታቱ እንምጣ። ሥራውን በደጅ፣ ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራና ከማንኛውም እሳት ርቀው፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሥሩ፤ የካንዴላውን ኮፍያም ይንቀሉ። ነዳጁን ዘግተው በኩባያው ያለውን ካፈሰሱ በኋላ የአየር ማጣሪያውን ከነመያዣው ያውጡ። ካርቡሬተሩን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በአብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። ከገቨርነሩ የሚመጣውን ዘንግና ከጎኑ ያለውን የቀጠነ ሞላ ከማላቀቅዎ በፊት የትኛው በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ሞላውን በተሳሳተ ቀዳዳ መግጠም ጽዳቱ የተበላሸ እስኪመስልዎት ድረስ ሞተሩን ያዋዥቀዋል። ዘንጉን አያጥፉት፤ ካርቡሬተሩን ዳዶዎቹ ከተፈቱባቸው ረጃጅም ብሎኖች ላይ ወደ ውጭ ሳብ አድርገው በማዞር ያላቁት። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ጥቁር ፕላስቲክና በሁለት ወገኑ ጓርኒሲዮኖች (አየር እንዳያልፍ የሚያሽጉ ስስ ማሸጊያዎች) ያገኛሉ። የእያንዳንዱን አቀማመጥ ሳይዘነጉ ያስቀምጧቸው፤ ጓርኒሲዮኖቹ አንድ ዓይነት መስለው ቢታዩም ቀዳዳቸው ስለሚለያይ በቦታቸው መመለስ አለባቸው።

ኩባያውን የያዘውን የታችኛውን ብሎን ሲፈቱ ተንሳፋፊውና ከሥሩ የተንጠለጠለችው ትንሽ መርፌ ይታያሉ፤ ኩባያው በቤንዚን ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይነሣና በመርፌዋ የቤንዚኑን መግቢያ ይዘጋል። ተንሳፋፊውን የያዘችውን ቀጭን ዘንግ በጣት ገፍተው ያውጧትና ተንሳፋፊውን ከነመርፌው ያንሡ። ተንሳፋፊውን በጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ በውስጡ ቤንዚን የሚንቦጫረቅ ከሆነ ተቀድዷልና ይቀየር። ከዚያ በመካከለኛው ምሰሶ ውስጥ ዋናውን ጂግለር ያገኙታል። ጂግለሩ ከለስላሳ ናስ የተሠራ ስለሆነ ጫፉ የስንጥቁን ስፋት በትክክል የሚሞላ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ የጠበበ ካቻቢቴ የጂግለሩን ራስ ይበላውና ጂግለሩ እዚያው ይቀራል። ጂግለሩ ሲወጣ በላዩ ያለው፣ ጎንና ጎኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳው የናስ ቱቦ ካርቡሬተሩን ሲገለብጡት ይወድቃል፤ ካልወደቀ ከጉሮሮው በኩል በእንጨት ቀስ አድርገው ይግፉት። ብዙዎች ይህ ቱቦ መኖሩን ሳያውቁ ያልፉታል፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለው ግን እርሱ ስለሆነ የጎን ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ መከፈት አለባቸው።

የሚኒሞው ጂግለር የተሰወረ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በካርቡሬተሩ አናት፣ የሚኒሞ ፍጥነት ከሚስተካከልበት ብሎን ሥር፣ ራሱ ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ ክፍል ሆኖ ይቀመጣል። ብሎኑን ሲያወጡ ስንት ዙር እንደዞረ ይቁጠሩና ይጻፉት፤ ከዚያ የፕላስቲኩን ራስ በካቻቢቴ ጫፍ ከጎን በዝግታ ወደ ላይ ያንሡት። በአንገቱ ላይ ትንሽ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ስላለ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ኃይል ግን አያብዙበት። ከጎን በኩል የድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ካለም፣ ከማውጣትዎ በፊት ወደ ውስጥ እያዞሩ በቀስታ እስኪያርፍ ድረስ ዙሩን ይቁጠሩ። አጥብቀው ካሰሩት ሾጣጣው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ይደቆስና ማስተካከያነቱ ይበላሻል።

ለማጽዳት በስፕሬይ የሚሸጠው የካርቡሬተር ማጽጃ ከሁሉ ይሻላል፤ ካላገኙ የብረት ክፍሎቹን በንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ሌሊቱን ነክረው በጥርስ ብሩሽ ይፈትጓቸው። ኦሪንጎቹ፣ የኩባያው ላስቲክና ተንሳፋፊው ማጽጃው ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ ያብጣሉ። የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የካርቡሬተሩን አካል ይበላዋልና በጭራሽ አያስነኩት። ከነከሩ በኋላ በጉሮሮው ግድግዳ ላይ ወዳሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሁሉ በኮምፕረሰር አየር ይንፉ፤ በአንደኛው ያስገቡት አየር በሌላኛው ሲወጣ በጣትዎ ሊሰማዎት ይገባል። ዓይንዎን በመነጽር ይሸፍኑ፤ ማጽጃው በሌላ ቀዳዳ ወደ ፊት ተመልሶ ይረጫል።

ጂግለሩ በዚህ ካልተከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ክር መዝዘው ያሳልፉበት። መዳቡ ከናሱ ስለሚለሰልስ ቀዳዳውን አይፍቀውም። የብረት ሽቦና የልብስ መርፌ ግን ይፍቁታል። ጉዳቱን በቁጥር እናስበው፤ 0.35 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ ወደ 0.40 ቢሰፋ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት ስፋት ግን 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእርስዎ ሞተር በሚሠራበት ከፍታ ይህ በነበረው ትርፍ ላይ ሌላ ትርፍ ነው። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ያስበላቸዋል። ለገበሬ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታየው የነዳጅ ወጪው ነው። ይህንን ጥገና አድርጎ ሞተሩ ለዕለቱ ስለተነሣ ብቻ ገንዘብ መቀበል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ጂግለሩን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ቀዳዳው ፍጹም ክብና ጥርት ያለ ሆኖ ከታየዎት ሥራው አልቋል።

የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ከየት እንደሚወጣ በትክክል ማየት ያስፈልጋል። ከኩባያው ሥር ከብሎኑ ላይ የሚወርድ ከሆነ የብሎኑ ዋሸር ወይም የኩባያው ላስቲክ ተበላሽቷል። በአየር ማጣሪያው በኩል የሚፈስ ከሆነ ግን መርፌዋ ቤንዚኑን አልዘጋችም ማለት ነው። የመርፌዋን ጫፍ በብርሃን ይመልከቱ፤ ዙሪያውን የተጎደጎደ መስመር ካለባት ትቀየር። የምታርፍበትን መቀመጫ በቤንዚን በነከሩት ቀጭን ጨርቅ ያጽዱት። ከዚያ ተንሳፋፊውንና መርፌዋን መልሰው ይግጠሙ፣ ካርቡሬተሩን ይገልብጡትና በነዳጅ መግቢያው ላይ ንጹሕ ቱቦ ሰክተው በአፍዎ ይንፉ፤ አየር ማለፍ የለበትም። ተንሳፋፊውን በጣትዎ ሲያነሡት ደግሞ አየሩ በነጻ ማለፍ አለበት። ይህ ቀላል ፈተና ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ከመፍታት ያድናል።

ሲገጥሙ የጓርኒሲዮኖቹ ነገር ይታሰብበት። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ከተቀደደ ጓርኒሲዮን የሚገባ አየር ልክ እንደተደፈነ ጂግለር ቾክ ያስፈልገዋል፣ ያዋዥቃል። ዳዶዎቹን ተራ በተራ እኩል ያጥብቁ፤ አንዱን ወገን አስቀድሞ ማጥበቅ የካርቡሬተሩን ፊት ያጣምመዋል። ብሎኖቹን በቆጠሯቸው ዙር ይመልሱ። ከዚያ ትኩስ ቤንዚን በጨርቅ ወይም በወንፊት አጣርተው ይሙሉ፣ ነዳጁን ከፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ጠብታ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ያስነሡት። ፓምፑን ያለ ውሃ አያሠሩት፤ የውሃው ማኅተም ወዲያው ይቃጠላል። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይመልሱ። አሁንም የሚዋዥቅ ከሆነ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ጥቂት የሳሙና ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ድምፁ ሲለወጥ ከሰሙ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ድምፁ ካልተለወጠ የሚኒሞው ጂግለር በደንብ አልጸዳም ማለት ስለሆነ እርሱን ብቻ መልሰው ያውጡት፤ ካርቡሬተሩን ማውረድ አያስፈልግም።

ከጽዳቱ በኋላ ሞተሩ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሁሉ ባይሰጥ አይደንግጡ። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ በባቱ ከፍታ ይህ ወደ 19 በመቶ ይደርሳል። ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ጥልቀትም በከፍታው ምክንያት ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ውሃው የሚያንስ ከሆነ ካርቡሬተሩን ትተው ፓምፑን ወደ ውሃው ያቅርቡት።

ለመጪው ክረምት የመጨረሻውን ውሃ እንዳጠጡ የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ከዚያ የኩባያውን ማፍሰሻ ብሎን ከፍተው የቀረውን ያውጡ፣ ታንኩንም ባዶ ያድርጉት። ማስነሻውን ገመድ እስኪከብድዎት ድረስ በዝግታ ስበው ይተዉት፤ በዚያ ቦታ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

አዲስ ካርቡሬተር መግዛት የሚገባዎት የመርፌዋ መቀመጫ በዝገት ከተቦረቦረ፣ የነዳጅ ክዳኑ ዘንግ ላልቶ ወደ ጎንና ጎን የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ጂግለሩ ቀድሞ በሌላ እጅ ሰፍቶ ከተገኘና ለብቻው ካልተገኘ ነው። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የሁለቱን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የጉሮሮውን ስፋት፣ የቾኩን እጀታ አቅጣጫና የነዳጅ መግቢያውን ጎን ጎን ለጎን አስተያይተው ይምረጡ። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ኩባያውን ከፍተው ይመልከቱት፤ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ በውስጡ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የአሮጌውንም ተንሳፋፊና የሚኒሞ ጂግለር ደኅና ከሆኑ በዘይት ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጧቸው።